ለቁስቋም ያልደረሰችው ጽጌረዳ

ምላሴ ከእኔ በፊት ነው የሚነሳው። እናቴ «አንቺ እኮ ተናግረሽ ነው የምታስቢ» ትለኝ ነበር፤ ለዚህም መልስ የምሰጠው እሷ ተናግራ ሳትጨርስ ነበር። ስለዚህ ባለፈው መስከረም ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ መቀስ በእጄ ይዤ፣ «ማርያምን ለጽጌ ታብባለች!» ብዬ ስምል ከልማዴ የተለየ ነገር አላደረግሁም። ደብረ ማርቆስ ላይ ማርያምን ሳይል የሚውል ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። ቲማቲም ሻጯ «ማርያምን ዛሬ የተለቀመ ነው» ትላለች፤ ሚኒባሱ ገና ግማሽ ሳይሞላ ረዳቱ «ማርያምን አሁን እንነሳለን» ይላል። ማንም ቆሞ አይመረምረውም። የእኔን መሐላ ግን አንዲት ሴት ቃል በቃል ሰምተው ይዘውት ቤታቸው ገቡ።

እኚህ ሴት ጎረቤቴ እማሆይ ናቸው። ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የጫኑ፣ ከእኛ ጋር አጥር በሚጋራ አንድ ክፍል ቤት ለብቻቸው የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ልጅ የለንም። ጠበሉንም ሆስፒታሉንም አዳርሰን፣ እኔ አርባን ስሻገር ነገሩን ማንሳት ትተናል። ይህን አንዴ ተናግሬ ልለፈው፤ ሰው ከንፈሩን ሲመጥልኝ አልወድም።

ግቢያችን፣ ግቢ ከተባለ፣ ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። በአንድ ወገን ጎመን፣ በሌላው ወገን ጤና አዳምና ዳማከሴ፣ መሀል ላይ ጽጌረዳዋ። ሮብ ገበያ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ሳለሁ ከተከራየሁበት ቤት ደጃፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣኋት ናት። የጮቄን ብርድ የለመደች ስለሆነች እዚህ አልከበዳትም። አበባዋ ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ቅጠሉ ድርብርብ፣ ሽታው ከበር ውጭ የሚቀበል። አንዱ ዙር ረግፎ ሳያልቅ ሌላ እንቡጥ ትይዛለች እንጂ እንደ አደይ በዓመት አንዴ ብቅ ብላ የምትጠፋ አይደለችም። ክረምት ላይ ዝናቡ እንቡጧን ያበሰብሰዋል፣ ውርጭ ሲበረታም ትንሽ ታርፋለች። ዝናቡ አልፎ ጽጌ ሲገባ ግን ታብዳለች።

በየዓመቱ ታዲያ እማሆይ የጽጌን ጾም ይጾማሉ። እኔ «የፈቃድ ጾም ነው» እያልሁ አልፈዋለሁ። ጾሙ ሲፈታ፣ ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት፣ በማለዳ ነጭ ጨርቅ ይዘው በራችን ላይ ይቆሙና «የእመቤቴን ድርሻ ስጪኝ» ይላሉ። እኔም እቆርጥላቸዋለሁ። በጨርቁ ጠቅልለው፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግራቸው ሄደው ሥዕሏ ሥር ያኖሩታል። ለሞቱት ልጆቻቸው መታሰቢያ ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄያቸውም አላውቅ።

ነገሩ የጀመረው ከስልኬ ነው። ክረምቱን ትምህርት ዝግ ስለነበር ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የአበባ ቪዲዮ ሳይ ከረምሁ። አንድ ሰውዬ አለ። የሚናገርበትን ቋንቋ እንኳ አላውቀውም፤ እጁን ብቻ ነው የማየው። የተንጨባረረ ጽጌረዳ ይይዝና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርገዋል። ቪዲዮው ሳያልቅ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ፣ ከላይ እስከ ታች አበባ ለብሶ ይቆማል። ዞር ብዬ የእኔዋን አየኋት። አንዱ ቅርንጫፍ ጣራ ሊነካ ይወጣል፤ አንዱ መተላለፊያ ዘግቶ የባለቤቴን ሹራብ ይጎትታል፤ መሀሏ የደረቀ እንጨት ነው። አፈርሁባት። ጠጉሯ ሳይበጠር እንግዳ ፊት የቀረበች ልጅ ያለችኝ መሰለኝ።

መስቀል ባለፈ ማግስት ከገበያ አዲስ መቀስ ገዝቼ ወጣሁ። ገና አንዱን ቅርንጫፍ ስይዝ እማሆይ አጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ? ምን በደለችሽ?»

«ላሳምራት ነው፣ እማሆይ። ቅርጽ ላወጣላት ነው።»

«አሁን? ጽጌ ሊገባ? እንቡጥ ይዛ እያየሽ?»

«እነዚህ ይሂዱ፤ በእነሱ ፋንታ እጥፍ ታወጣለች።»

«ተይ ልጄ። የያዘችውን መቁረጥ ደስ አይልም። ቁስቋም ይለፍና እንደ ወደድሽ አድርጊያት።»

እኔ ደግሞ ተይ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። «ማርያምን ለጽጌ ታብባለች!» አልሁ። «እንዲያውም ከሌላው ዓመት በልጣ!»

እማሆይ እጃቸውን ከአጥሩ ላይ አነሱ። «በስሟ ከማልሽማ ምን እላለሁ፤ እሷው ታድርሳት» ብለው ገቡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ጊዜ ግን ትዝም አላለኝ፤ መቀሱ አዲስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አቆራረጤ መጥፎ አልነበረም። የደረቀውን ከሥሩ አወጣሁ፤ እርስ በርስ የሚፋተጉትን ለያየሁ፤ ጤነኛውን ወደ ውጭ ከምታይ ቡቃያ ከፍ ብዬ ሰያፍ ቆረጥሁት። ረጃጅሞቹን በሲባጎ ወደ ታች ስቤ ከችካል ጋር አሰርኋቸው። ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቅርንጫፍ የሚያብበው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ጎንበስ ሲደረግ ግን ከጎን ከጎኑ ሁሉ ያወጣል። ይህን ሰውዬው በእጁ አሳይቶኛል። ፍግ ጨመርሁላት። ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ሲወራት በሳሙና ውሃ አጠብኋት። የቧንቧ ውሃ በጠፋባቸው ቀናት ለእኛ ልብስ ያልቆጠብሁትን የበርሜል ውሃ ለእሷ ቆጠብሁ። ጥቅምት ሳይጋመስ ከየቡቃያው ቀይ ቀይ ለጋ ፈነዳ። ባለቤቴን እጁን ይዤ አወጣሁትና አሳየሁት፤ እማሆይንም ጠርቼ አሳየሁ። «ይበል» አሉ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለጋዎቹ እኩል አላደጉም። አንዱ ይረዝምና ክቡን ያበላሽብኛል፤ እኔ ደግሞ ክብ ነው የፈለግሁት። ጠዋት ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ እወጣና ከሌላው የበለጠውን ጫፍ በጥፍሬ ቀንጠብ፣ ቀንጠብ አደርገዋለሁ። ባለቤቴ ሥራ ሊሄድ ሲወጣ ያየኝና «ጠጉር አስተካካይ ሆንሽ እንዴ?» ይለኛል። «ያንን ጠጉርህን እንዲህ የሚያስተካክልልህ ብታገኝ አንተም ሰው ትመስል ነበር» እለዋለሁ። ይስቃል፣ እስቃለሁ፣ እቀነጥባለሁ።

ጥቅምት እየተገባደደ ሲሄድ እማሆይ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆም ማለት አመጡ።

«እንቡጥ አየሽ?»

«ትደርሳለች፣ እማሆይ።»

በማግስቱም «እንቡጥ አየሽ?» «አይቸኩሉ፣ ትደርሳለች።» መጀመሪያ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምመልሰው። ኋላ ኋላ የመቋሚያቸውን ድምፅ ስሰማ ወደ ቤት መግባት ጀመርሁ። ቅጠሏ ያምራል፣ ክብነቷ ያምራል፣ አበባ ግን የለም። ብርዱ ይሆን፣ ፍጉ በዝቶባት ይሆን እያልሁ እብሰለሰላለሁ።

አንድ ጠዋት የቀነጠብሁትን ጫፍ ከመጣሌ በፊት እንዲያው ዝም ብዬ በጣቴ ፈለቀቅሁት። በለጋ ቅጠሎቹ መሀል የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተሸጉጣለች። እንቡጥ ናት። ሌላ ቀንጥቤ ፈለቀቅሁ፤ ያም አለው። ሦስተኛውም አለው። ለካ አበባው የሚያዘው እዚያው ለጋው ጫፍ ላይ ነው! ለካ ክብ ላድርጋት ብዬ በየማለዳው መሬት ላይ ስጥለው የከረምሁት የቁስቋምን አበባ ኖሯል! ቆሌዬ ተገፈፈ። እዚያው ጎመኑ መሀል ቁጭ አልሁ።

አልደበቅሁም። ወዲያው ተነስቼ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ እማሆይ ቤት ሄድሁ። «እማሆይ፣ ዘንድሮ አበባ የለም» አልኋቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጫፍ ጫፏን ስቀነጥብ እንቡጡን አብሬ ስቀነጥበው ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! «አንቺማ ምን አጠፋሽ፤ በስሟ ምለሽልኛል እኮ» አሉ።

«መሐላ አይደለም እሱ፣ እማሆይ! አፌ ነው! አፌን አያውቁትም?»

«አፍሽ ይሁን፤ የጠራሽው ግን ስሟን ነው። እሷ ብትፈቅድ፣ በስሟ የተማለባት አበባ በጥፍር ትቀራለች? አልፈቀደችም። ከእኔ እጅ መቀበል አልፈለገችም።»

«ይኸው ይዩት፣ እንቡጡ ይኸው!» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ አጎንብሰው ቢያዩትም ቅጠል እንጂ ሌላ አልታያቸውም። «ልታጽናኚኝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና መዳፌን አጥፈው መለሱልኝ።

ጥፋቴን ተናግሬ ተመስግኜ ወጣሁ። ከዚህ የባሰ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ያንን መሐላ ባልምል ኖሮ ጥፋቱ የመቀሴ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እማሆይም አንድ ሁለት ቀን አኩርፈውኝ ያልፍ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ስሟን ያለ ቦታው የጠራሁት እኔ፣ የተጠላሁ ነኝ ብለው የሚያዝኑት እሳቸው።

የቁስቋም ዋዜማ ለሙሽራና ለተመራቂ አበባ ከሚሸጡት ሱቆች ወደ አንዱ ሮጥሁ። ቀይ ጽጌረዳ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ እሾሁ የተላጨ፣ እቅፍ ሙሉ ይዤ እማሆይ ቤት ገባሁ። ተቀበሉኝና አፍንጫቸውን አስጠጉ።

«ምንም አይልም እኮ ልጄ። ውሃ ውሃ ነው የሚለው።»

«ጽጌረዳ ነው፣ እማሆይ። እሷ ሽታ ትመርጣለች እንዴ?»

«የከለከለችኝን ከሱቅ ገዝቼ ልሸውዳት?» አሉና እቅፉን መለሱልኝ። «ለቤትሽ አድርጊው፤ ያምራል።» ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አበባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እስኪጠወልግ ድረስ ወደ እሱ አላየሁም።

በማግስቱ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ያቺን አበባ የሚጠቀልሉባትን ነጭ ጨርቅ ግን አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋት ነበር። መንገድ ላይ ይሰጠኛል ብለው ይሆን? ወይስ ልማድ ሆኖባቸው? በመስኮት ሆኜ አየኋቸው፤ ወጥቼ እንኳን አደረሰዎ ለማለት አልደፈርሁም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ ዱብ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርሁ። የእማሆይ ቤት ግድግዳ ከመኝታ ቤታችን በአጥሩ ብቻ ነው የሚለየው። ዱብ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የማቃሰት ድምፅ ይሰማል፤ ደግሞ ዱብ። የእማሆይ ጉልበት መሬት ሲነካ ነው። እየሰገዱ ነው። «ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንሁ።

ንስሐ አባታቸው ናቸው ይህን የጫኑባቸው ብዬ በንዴት ጦፌ ሄድሁ። ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ አገኘኋቸውና መስቀል ተሳልሜ ሳልጨርስ «አባ፣ ለአሮጊት ሴት እንዲህ ያለ ስግደት ይሰጣል?» አልኋቸው።

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። «እኔ እንዲያውም በዚህ ዕድሜ አይስገዱ ብዬ ከልክያለሁ። እሳቸው ግን እመቤቴን ምን አድርጌ እንዳስቀየምኋት እስካገኘው ነው አሉኝ። አልሰማ ካሉኝ ምን ላድርግ?» ቀጥለው ትኩር ብለው አዩኝ። «ያቺ በስሟ የማለችው ጎረቤት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ታዲያ አንቺስ ሰግደሻል?»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ከዳኝ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሞከርሁት። ጥቂት እንደ ሰገድሁ ወገቤን ይዤ አልጋ ላይ ወጣሁ። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ከሆነ በእሳቸውስ? ይህን ሳስብ ዕንቅልፍ ነሳኝ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዱብታው ቀረ። ተመስገን፣ ተዉት አልሁ። ትተውት አልነበረም። ያሞቅሁትን ሾርባ ይዤ ብገባ አልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ ጉልበታቸው ቅል አክሏል። ባለቤቴ ባጃጅ አምጥቶ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ የሚቀባ መድኃኒት ሰጣቸው፤ እንዳይንበረከኩ፣ ብዙም እንዳይቆሙ አዘዘ። «እንዳይቆሙ» ሲባል ቅዳሴም ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ ጨርቅ እየነከርሁ ጉልበታቸውን የምይዝላቸው እኔ ሆንሁ።

አንድ ቀን ማታ እንደዚሁ ስይዝላቸው ሊነሱ ሲሞክሩ አየሁ። ምን ፈልገው ነው ብል ለካ ቀስ ብለው መንበርከክ ይችሉ እንደሆነ ሊሞክሩ ነው። ንዴቴ ገነፈለ።

«እስከ መቼ ነው ይኼ?» ብዬ ጮህሁባቸው። «ለሞቱ ልጆችዎ አንድ ዓመት አበባ ባይሄድላቸው ምን ይሆናሉ?»

ምላሴ ይቆረጥ። ቃሉ እንደ ወጣ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

እማሆይ አልተቆጡም። «የእኔ ልጆችማ እሷው ዘንድ ናቸው፤ አበባ ምን ያደርግላቸዋል?» አሉ። «ያንቺን ነው እንጂ የምለምናት።»

«የእኔን ምን?»

«ልጅ ነዋ።»

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ይንጠባጠባል። እሳቸው ቀጠሉ። «አንዴ ከሆስፒታል ስትመለሺ፣ አጥሩ ጋ ቆመሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው። በየቁስቋሙ አበባሽን እወስድላታለሁ፤ ያቺ የአበባዋ ባለቤት፣ አስቢያት እላታለሁ። አምና ግን…» አሉና ቆባቸውን አስተካከሉ። «አምና በልቤ፣ አሁንማ አርባ አልፏታል፣ ከእንግዲህ የት ይገኛል አልሁ። ሥዕሏ ፊት ቆሜ ተጠራጠርኋት። አሁን ነው ያገኘሁት፤ እሱ ነው ያስቀየማት።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን ጠየቀዎት ልላቸው ነበር። እኔ ያንን ነገር ቀብሬ፣ አፈር መልሼበት፣ በላዩ ላይ ጽጌረዳ ሳሳድግ፣ ከአጥር ወዲያ ያለች ሴት በየዓመቱ ስታነሳው ኖራለች! ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየልኝም። ምክንያቱም ያቺን አበባ ቆርጬ ስሰጣቸው ውለታ የዋልሁላቸው ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ዓመት እንዲያውም ትልልቆቹን ለራሴ ጠረጴዛ አስቀርቼ ቀጫጭኖቹን ሰጥቻቸዋለሁ። ለራሴ ልጅ መለመኛ! ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ በጥፍሬ ቀንጥቤ ጣልሁት፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ከፈሉበት። እሳቸው አንዴ ተጠራጠርሁ ብለው ይሰግዳሉ፤ እኔ መጠራጠርም አልፌ ጨርሼ ትቼዋለሁ። ይህንን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጨርቁን ጨምቄ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁና እንባዬ እንዳይታይ አጎነበስሁ።

ጽጌረዳዋ ያበበችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መቀንጠብ ካቆምሁ ወዲህ ጫፎቿ ሁሉ እንቡጥ ይዘው ኖሮ፣ ኅዳር ሲጋመስ አንድ ላይ ፈነዱ። ከላይ እስከ ታች ሮዝ ሆነች። ክብነቷ ልክ ሰውዬው ስልኩ ላይ እንዳሳየኝ፣ እንዲያውም ከዚያ ይበልጣል። መንገደኛ በበሩ ክፍተት እያየ ይቆማል፤ የመሥሪያ ቤት ሴቶች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሷታል። «እንዴት አድርገሽ ነው?» ይሉኛል። «ወይ ጉድ፣ እጅሽ የተባረከ ነው!» ይሉኛል። እጅሽ የተባረከ ሲሉኝ የምገባበት አጣለሁ። የተመኘሁት ክብ ይኸው ደረሰ፤ ማየት አስጠላኝ።

እማሆይ ከቤታቸው ሳይወጡ ሽታዋ ደርሷቸው አወቁ። «አበበች አይደል?» አሉኝ። «ለኅዳር ጽዮን ውሰጂላት።»

«ባጃጅ አመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።»

«እኔ መቆም አልችልም። ደግሞስ በእኔ እጅ አይሁን፤ አንቺ ራስሽ ስጫት።»

እሺ አልሁ። በልቤ ግን ሌላ ነገር ወስኛለሁ፦ የምለምነው ለእማሆይ ጉልበት ነው። የእኔ ነገር ያለፈ ነገር ነው። በእኔ አፍና በእኔ ጥፍር የተጎዳ ጉልበት እንዲድን መለመን ግን ይገባኛል። ይህን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ከእንቡጡ ነገር ወዲህ ማርያምን ማለት ስለ ፈራሁ ብቻ አልማልሁም።

የጽዮን ዕለት ማለዳ መቀሱን ይዤ ወጣሁ። ትልልቆቹን ሳላስቀር፣ ቅርጿ ይበላሻል ሳልል፣ ቆረጥሁ። ስጨርስ ያ ሁሉ ክብ ተቦጫጭቆ ቀረ። ከእማሆይ ቤት ነጩን ጨርቅ ተቀብዬ ጠቅልዬው ሄድሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ለብሶ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ጫማዬን አውልቄ በሴቶች በር እየተጋፋሁ ገባሁና ሥዕሏ ፊት ደረስሁ። ልጇን በክንዷ አቅፋለች። ስንት ዓመት ሆነኝ እንዲህ ቀና ብዬ ካየኋት? በዓል በመጣ ቁጥር ደጃፍ ተሳልሜ ነበር የምመለሰው። አበባውን አስቀመጥሁና «እመቤቴ» አልሁ። የእማሆይን ጉልበት ልል ነበር። ዓይኔ ግን ሕፃኑ እጅ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ነገር እኔ አላወጣሁትም። ቀብሬዋለሁ ያልሁት ሁሉ ከነአፈሩ ወጣ። ለምኜ ለምኜ ያቆምሁትን፣ ያኔ ያቋረጥሁበት ቦታ ላይ ቀጠልሁት። ወንድም ይሁን ሴትም ትሁን አልሁ፤ ስም ሳይቀር አወጣሁለት። አጠገቤ የቆመች የማላውቃት ሴት በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ደረቴ ቀሎኝ ወጣሁ። ባጃጅ አልፈለግሁም፤ በእግሬ እያዘገምሁ፣ ሰላም ያለኝን ሁሉ ሰላም እያልሁ መጣሁ። የእማሆይን በር ገፋ አድርጌ ስገባ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው እየጠበቁኝ ነው። ጉልበታቸው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

«ደረስሽ? ተቀበለችሽ? ምን ብለሽ ሰጠሻት?»

ምን ልበል? «ለጉልበትዎ ለመንሁ» አልሁ።

ፊታቸው ጥቁር አለ። «ምን አልሽ?»

«እንዲሽርልዎ። ለጉልበትዎ።»

«አባከንሽው!» አሉ። «ልጄ፣ አባከንሽው! ያን ሁሉ አበባ! ነገ አፈር ለሚበላው ጉልበት!» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ። ቁስቋም ዕለት ባዶ እጃቸውን ሄደው ያላለቀሱ ሴት፣ ሐኪሙ ጉልበታቸውን ሲጫነው ያላለቀሱ ሴት፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ።

«ዋሸሁዎት፣ እማሆይ» አልሁ። ደገምሁት። «ዋሸሁዎት። ለእርስዎ ልለምን ብዬ ሄጄ፣ እሷ ፊት ስቆም ጉልበትዎ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። እስካሁን፣ እስክገባ ድረስ ትዝ አላለኝም። ልጅ ነው የለመንሁት። ልጅ ብቻ።»

ነጠላውን ከፊታቸው ላይ ገለጡት። «እሰይ!» አሉ። «እሰይ፣ እሰይ!» እንባቸው ሳይደርቅ ፊታቸው ሁሉ ሳቀ።

እኔ በርጩማው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያንን ያበጠ ጉልበት በሁለት እጄ ይዤ አለቀስሁ። እሳቸው ራሴን እየዳበሱ «እንኳን ረሳሽው፣ እንኳን ረሳሽው» ይሉኛል።